ሦስት ሜትር የዲሽ ኬብል ያመጣብኝ ጣጣ

ጎረቤቴ ቡና ነጋዴ ናቸው። መጋዘናቸው ውስጥ ሴቶች ቁጭ ብለው ከቡናው መሀል ጥቁሩንና የነቀዘውን ፍሬ ይለቅማሉ። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን "አንተ ልጅ፣ ይሄን በማሽን ማድረግ አይቻልም?" አሉኝ። እኔም አፌን ሞልቼ "በሁለት ሳምንት እጨርሰዋለሁ ጋሼ" አልኳቸው። አራት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ወር የበላችው እኔው ራሴ በገዛ እጄ ያስገባኋት ካፓሲታንስ (ሽቦና ዕቃ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚያጠራቅሙበት ጠባይ፣ በፒኮፋራድ የሚለካ) ናት።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ፍሬው አንድ በአንድ ከ20 ሳንቲሜትር ከፍታ ይወድቃል። ሲያልፍ ቀይ፣ አረንጓዴና ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ ተራ በተራ ብልጭ ይሉበታል፤ አጠገባቸው ያለ ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ከረንት የሚቀይር ዕቃ) ነጸብራቁን ይለካል። ከዚያ ከፍታ የወደቀ ፍሬ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ ነው። 8 ሚሊሜትር የሚረዝም ፍሬ በ4 ሚሊሰከንድ ውስጥ እልም ይላል። እኔ ደግሞ በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱን ቀለም 40 ጊዜ ማንበብ ፈለግኩ። ለአንድ ብልጭታ የሚደርሰው 33 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። ለሬዲዮ ሰዎች ይሄ የኤሊ ጉዞ ነው። ለእኔ ግን ሩጫ ነበር።

መጋዘኑ አቧራና ገለባ ስለሚበዛበት ሰርኪዩቱን ከማሽኑ አርቄ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ፎቶዳዮዱ ብቻ ማሽኑ ላይ ቀረ። ሁለቱን ያገናኘሁት ቤት በተረፈ ሦስት ሜትር የዲሽ ኬብል ነው። ኦፕ አምፑ (የፎቶዳዮዱን ትንሽ ከረንት የሚያጎላው ቺፕ) የታወቀው ቲኤል 072፣ የፊድባክ ሬዚስተሩ (ከቺፑ መውጫ ወደ መግቢያው የሚመልሰው) 1 ሜጋኦም፣ ሁሉም ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ የሚሰካበት ቦርድ) ላይ። እንደዚህ ሳወራው አሁን ራሴ አፍራለሁ።

ኦሲሎስኮፕ (ሲግናልን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ተውሼ አየሁት። ኤልኢዲው በበራ ቁጥር ሲግናሉ ቀጥ ብሎ ይወጣና እንደተመታ ክራር ይርገበገባል። አንዱ እርግብግቢት 23 ማይክሮሰከንድ ያህል ይፈጃል፣ ቶሎም አይቆምም። የቀዩ ጭራ አረንጓዴው ላይ ይገባል፣ የአረንጓዴው ኢንፍራሬዱ ላይ። ማሽኑ ደህናውን ፍሬ ጥቁር ነው ይለኛል።

መጀመሪያ ቺፑን ጠረጠርኩ። ከአዲስ አበባ በጣም ፈጣን የሆነ ኦፕ አምፕ አስመጣሁ። ስሰካው ጭራሽ ብርሃን ሳይኖር በራሱ መጮህ ጀመረ። ብሬድቦርድና ረጅም ሽቦ ለእንደዚያ ዓይነት ቺፕ አይሆኑም። መለስኩት። ቀጥሎ ሬዚስተሩ ላይ ያገኘሁትን 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በጎን ደረብኩበት። መርገብገቡ ጸጥ አለ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ሳሰላው 1 ሜጋኦም ሲባዛ በ100 ፒኮፋራድ 100 ማይክሮሰከንድ ሆነ፤ ሦስቱ ቀለሞች ተደባልቀው አንድ ገንፎ ሆነዋል ማለት ነው።

መፍትሔው የመጣው በስህተት ነው። የስኮፑን ፕሮብ (መለኪያ ጫፉን) ማቀያየሪያው በ1 ላይ እንዳለ የኦፕ አምፑ መግቢያ ላይ ነካሁት። እርግብግቢቱ ወዲያው ዘገየ፣ ረዘመ። በ1 ላይ ያለ ፕሮብ ከነኬብሉ ወደ 100 ፒኮፋራድ ይጨምራል። ታዲያ 100 መጨመር እንደዚህ ካደረገ እስካሁን እዚያ ምን ያህል ተጠራቅሞ ነበር? ኬብሉን ነቅዬ በመልቲሜትር ለካሁት፦ 0.16 ናኖፋራድ፣ ማለትም 160 ፒኮፋራድ። ፎቶዳዮዱ፣ ቢፒደብሊው 34፣ ያለ ቮልቴጅ ሲቀመጥ 70 አለው። ብሬድቦርዱና የቺፑ መግቢያ ወደ 20። ድምሩ 250። በዚህ ቁጥርና በቲኤል 072 የ3 ሜጋኸርዝ አቅም ሳሰላው የመርገብገቢያው ድግግሞሽ 44 ኪሎኸርዝ ወጣ። አንዱን ለ44 ሺህ ስታካፍለው ያችው 23 ማይክሮሰከንድ ናት! ከወንበሬ ተነሳሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠላ ሲቀዳልህ "በቃ" ትላለህ። ቀጂው ዘግይቶ ከሰማህ ጠላው ይፈሳል። ኦፕ አምፑም ውጤቱን በሬዚስተሩ በኩል ወደ መግቢያው መልሶ ይሰማል፤ መግቢያው ላይ ያለው ካፓሲታንስ መጀመሪያ መሞላት ስላለበት ወሬው ይዘገያል። አልፎ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያልፋል። ካፓሲታንሱና ሬዚስተሩ በገዘፉ ቁጥር ወሬው ይበልጥ ይዘገያል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ኦፕ አምፑን ወስጄ ፎቶዳዮዱ ጀርባ ላይ በየድኩትና በፕላስቲክ ቱቦ ከአቧራው ከለልኩት። ኬብሉ አሁን ከመውጫው በኩል ሆነ፤ እዚያም ያው ካፓሲታንስ ስለሆነ በመሀል 100 ኦም ሬዚስተር አስገባሁ። ፎቶዳዮዱ ላይ 5 ቮልት በተቃራኒ አቅጣጫ ስሰጠው ካፓሲታንሱ ከ70 ወደ 20ዎቹ ፒኮፋራድ ወረደ። የፊድባክ ሬዚስተሩን 100 ኪሎኦም አደረግኩ። በዚህ ሲግናሉ አሥር እጥፍ አነሰ፤ ግን ቲኤል 072 ውስጡ ሁለት ኦፕ አምፕ ስላለው በሁለተኛው መልሼ አጎላሁት። ትንሽ ጫጫታ ጨመረ፣ ኤልኢዲዎቹን አደመቅኩና ተቻቻልን። በክረምት ሌላም ነገር አስቸግሮኝ ነበር፦ የጅማ እርጥበት ቦርዱ ላይ ከቀረ የብየዳ ቅሪት ጋር ሆኖ ከረንት ያሾልካል። በአልኮል በደንብ መጥረግ ብቻ ነው።

የቀረችኝ፣ ሲግናሉን ሳታዘገይ የተረፈውን መርገብገብ እንድታቆም ሬዚስተሩ ላይ የምትደረብ 5 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ናት። የጅማ መርካቶን ዞርኩ። የዲሽ ሪሲቨር፣ ሪሞት፣ ቻርጀር ሞልቷል፤ 5 ፒኮፋራድ ያለው ግን ጠፋ። ስለዚህ ከኔትወርክ ኬብል ውስጥ የተጠማዘዘች አንድ ጥንድ ሽቦ አወጣሁ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሽቦዎች ራሳቸው ካፓሲተር ናቸው፤ ጥንዷ በሳንቲሜትር ግማሽ ፒኮፋራድ ገደማ አላት። 16 ሳንቲሜትር ቆርጬ በየድኩ፤ ጫፏ እንዳይነካካ ክፍት ተውኩት። ስኮፑን እያየሁ ጫፏን በመቁረጫ ትንሽ ትንሽ መከርከም ጀመርኩ። 16 ላይ የሲግናሉ ማዕዘን ክብ ነበር። 13 ላይ ቀና አለ። 10 ላይ ሲደርስ ጥርት ያለ ካሬ፣ ጫፉ ላይ በጣም ትንሽ ጉብታ ብቻ። እጄን አነሳሁ። በ3 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይረጋጋል። ከ33 ውስጥ 30ው ትርፍ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ሲግናሉ እንደገና ይርገበገባል። ልቤ ቀጥ አለች። ጋሼ ከበር ቆመው በኩራት ያዩኛል።

"ማታ ሳጸዳ አንዲት የተረሳች ሽቦ ተንጠልጥላ አይቼ ከሥሯ ቆረጥኩልህ" አሉኝ።

አሥር ሳንቲሜትር እንደገና ለካሁ። በየድኩና በሙጫ አጣበቅኳት። ሙጫው ራሱ ትንሽ ካፓሲታንስ ጨመረባት፤ ግማሽ ሳንቲሜትር ከረከምኩና ቱቦውን ዘጋሁት።