የድሬዳዋን ሰፈሮች ለጎርፍ ስንመዘግብ ያየሁት

ይህን የምጽፈው በከተማችሁ የጎርፍ ተጋላጭነት ጥናት ልትሠሩ ለተነሳችሁ ነው። ለእኔ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የሠራሁት ድሬዳዋ ላይ፣ ደቻቱ ዳር ባሉ ሰፈሮች ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር በእግሩ ይሻገርበታል፤ ይነገድበታል፤ አሸዋ ይጫንበታል። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ፣ ከደጋው ነው። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሰው በተኛበት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ ሺዎችን ቤት አልባ አደረገ። ከዚያ በኋላ ዳርና ዳሩ በግንብ ታጥሯል። ግንብ አለ ብሎ መተኛት ግን አይቻልም።

ምዝገባው ራሱ ቀላል ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ድልድይ፣ ትራንስፎርመር፣ ቦኖ ውኃ፣ ወፍጮ ቤት፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የእድር ቤት። ሁለት ጎበዝ የሰፈር ልጆችና ጂፒኤስ ያለው ስልክ ይበቃል።

እኔን ያቃጠለኝ የቱቦው ነገር ነው።

የውኃ ማፋሰሻ ቱቦዎቹን ዝርዝር ለማግኘት አንድ ቢሮ ሄድኩ። ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ፤ አመጣሁ። ማኅተሙ የክፍሉ ነው፣ የዋናው መሥሪያ ቤት ይሁን ተባልኩ፤ እሱንም አመጣሁ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ከስብሰባ ሲወጡ መስክ ናቸው። ከመስክ ሲመለሱ ጉዳዩ ለሌላ ክፍል ተመርቷል። ክረምቱ እየገባ ነው፣ እኛ ፊርማ እንጠብቃለን። የመንገድ ዳር ቱቦ ዝርዝር ምን ምስጢር አለው?

በመጨረሻ ወረቀቱ መጣ። እያንዳንዱ ቱቦ ፊት ለፊት አንድ ቃል ተጽፏል፦ «አለ»። አንዱን ይዤ ቦታው ድረስ ሄድኩ። ወረቀቱ 1 ሜትር ስፋት ይላል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አሸዋው ከግማሽ በላይ ሞልቶታል። አፉ ላይ ፌስታል፣ ሃይላንድና የጫት ገረባ ተጠቅጥቋል። በእንጨት ስለካው ክፍት የቀረው አንድ ክንድ እንኳን አይሞላም።

የምዝገባው ቅጽ ላይ «ደለል» የሚል ዓምድ ይጨመር ብዬ ጠየቅሁ። «ወንድሜ፣ ቅጹ ከላይ የወረደ ነው፤ አይነካም» ተባልኩ። ቱቦው «አለ» ተብሎ ተቆጠረ። እሱ ሲደፈን ውኃው የሚገባው ከኋላው ወዳሉት የጭቃ ቤቶች ነው። ቤቶቹ ግን «ዝቅተኛ ስጋት» ውስጥ ገቡ፤ ለምን? ቱቦ አለና! እስካሁን ያናድደኛል።

ስለዚህ ከቅጹ ጋር አትጨቃጨቁ። የራሳችሁን ዝርዝር ሥሩና በፎቶና በቀን አስደግፋችሁ «አባሪ» ብላችሁ ከኋላ አያይዙት። አባሪ የሚከለክል መሥሪያ ቤት እስካሁን አልገጠመኝም። እኛ በአባሪያችን የደለሉን መጠን፣ ሌሊት እዚያ የሚተኛውን ሰው፣ የበሩን አከፋፈት ጽፈናል።

በር ለምን? አፈተኢሳ ሰፈር አንዲት አዴ፣ አንዲት እናት፣ ነገሩኝ። መዳፋቸውን ከመስኮቱ በላይ ግድግዳው ላይ አሳርፈው «እዚህ ደርሶ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «በሩ ወደ ውጭ ነበር የሚከፈተው። ውኃው ይዞት አልከፈት አለን።» በመስኮት ነው የወጡት። ይህን የሚጠይቅ ቅጽ አላየሁም።

የጥናቱ መመሪያ ከሳተላይት ካርታ ጀምሩ ይላል። እኔ ከእናቶች ጀምሩ እላለሁ። በነፃ የሚገኘው የመሬት ከፍታ መረጃ አንዱ ነጥቡ 30 በ30 ሜትር ገደማ መሬት ይሸፍናል። ግንቡን አያይም፣ ቦዩን አያይም፣ አጥሩ ውኃውን ወዴት እንደሚመልሰው አያይም። መጀመሪያ ውኃው የት ደረሰ፣ በስንት ሰዓት፣ በየት በኩል ገባ ብላችሁ ጠይቁ። ካርታው በኋላ ይመጣል።

«የንብረት ዋጋ በብር ሙሉ» የሚለው ትእዛዝም አይዋጥልኝም። በዚያ ስሌት የአንድ ባለሀብት ግቢ ከእድሩ መጋዘን ይበልጣል። እድሩ ቤት ያለው ድንኳን፣ ድስትና ወንበር ነው። ጎርፍ በመጣ ማግስት ለቀስተኛ የሚያስቀምጠው፣ የተፈናቀለ የሚያበላው ግን እሱ ነው። ይህ ቢጠፋ ነገ ምን ይቆማል ብላችሁ ደረጃ ስጡ።

መጠለያ ተብለው የተመዘገቡትንም በእግራችሁ ሂዱባቸው። ወንዝ ዳር ያለ ትምህርት ቤት በአንዱ ሰነድ «ለጎርፍ ተጋላጭ»፣ በሌላው «የተፈናቃዮች መጠለያ» ተብሎ አይቻለሁ። መንገዱን በሌሊት፣ መብራት በሌለበት ሞክሩት። ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውኃ ጎልማሳን ይጥላል፤ ልጅ የታቀፈችማ እንዴት ትሻገራለች?

ቱቦዎቹን በዓመት ሁለቴ እዩ፤ ከበልጉ በፊት ጥር ላይ፣ ከክረምቱ በፊት ግንቦት ላይ። አንድ ጎርፍ የሚያወርደው አሸዋ የቀደመውን ልኬት ከንቱ ያደርገዋል። ደብዳቤውን ግን ዛሬውኑ አስገቡ፤ የዋናውን መሥሪያ ቤት ማኅተም አስመትታችሁ።