6 ከ10

ጎንደር ገብቻለሁ። ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ ነው፣ ዝናቡም ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ሳያጓድል ይመጣል። እማዬ ቅዳሴ አስቀድሳ ስትመለስ እኔ ገና ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ። "አንቺ ልጅ፣ ዶክተር የሆንሽው ለመተኛት ነው እንዴ?" ትለኛለች። ዶክተር አይደለሁም እኮ፤ ገና ነኝ። ግን ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራኝ፣ ማረሙም ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ።

ዛሬ ቦርሳዬን ሳራግፍ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ወጣ። አምና የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ሆኜ የሞላሁት የነጥብ መስጫ ነው። ዩኒቨርሲቲው የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። ጎንደር አይደለም፣ በቃ።

የማስተምረው ፊዚክስ ነው። መምህራኑ 23 ነን፣ ሴት እኔ ብቻ። ስቀጠር በፎቃችን ያለው የሴቶች መጸዳጃ ቤት የጠመኔና የመጥረጊያ ማስቀመጫ ሆኖ ነበር። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ የምትጠቀምበት ሴት አልነበረችማ። ለማስከፈት ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ማርች 8 ሲሆን ግን ጣይቱንና ምንትዋብን እየጠራን ዳቦ እንቆርሳለን፣ ንግግር የማደርገውም ሁሌ እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን አለና።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። አንድ ሰው ልንቀጥር ነበር፣ ለመጨረሻው ዙር አራት ሰዎች ቀረቡ። ሦስት ወንዶች፣ አንዲት ሴት። ልጅቷ የጋውስን የኤሌክትሪክ ሕግ አስተማረችን። ጥሩ አድርጋ ነው ያስተማረችው፤ ጠመኔው እጇ ላይ ሲሰበር እንኳ አልደነገጠችም። ከዚያ ጥያቄ ሆነ። እኔ ምን ብዬ እንደጠየቅኳት ልጻፈው፣ ለማንም ነግሬው ስለማላውቅ።

"ልጅሽን ማን ይይዝልሻል?" አልኳት።

ለእሷ ማሰቤ መስሎኝ ነበር። የማውቀው ችግር ነዋ! ከወንዶቹ አንዱ የሁለት ልጆች አባት መሆኑ ሲቪው ላይ ተጽፏል፣ እሱን ግን የጠየቀው የለም። እሷ ስትወጣ አንዱ ባልደረባዬ "ባሏ ሌላ ከተማ ነው፣ አትቆይም" አለ፣ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅኩ። "ለሥራው ያለው ዝግጁነት" የሚል ረድፍ ነበር። 6 ከ10 ሰጠኋት። የራሳችን ተማሪ ለነበረው ልጅ 8። በአጠቃላይ ድምር የበለጣት በግማሽ ነጥብ ነው። ማስታወቂያው ላይ ደግሞ "ሴቶች ይበረታታሉ" ተብሎ ነበር፣ ስንዘጋው ቃለ ጉባኤው ላይ "በቂ ሴት አመልካች ባለመኖሩ" ብለን ጻፍን። እኔም ፈርሜበታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት አለ፣ ያነበብኩት ከዚህ በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለ127 የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ መምህራን የላብራቶሪ ኃላፊ ለመሆን ያመለከተ ሰው ማመልከቻ ተላከላቸው። ወረቀቱ አንድ ነው፤ የተለየው ስሙ ብቻ ነው፣ ለግማሾቹ ጆን፣ ለግማሾቹ ጄኒፈር። ጆን ይበልጥ ብቁ ተባለ። ደመወዝ ገምቱ ሲባሉ ለእሱ ወደ 30 ሺህ ዶላር፣ ለእሷ 26 ሺህ ተኩል ገደማ ሰጡ። እኔን ያሳመመኝ ይሄ አይደለም፣ ይሄንንማ እጠብቀው ነበር። ያሳመመኝ ሴት መምህራኑም ልክ እንደ ወንዶቹ ማድረጋቸው ነው። እንግዲህ ሁሌ "እነሱ" እያልኩ ስወቅሳቸው ከነበሩት ውስጥ እኔም አለሁበት ማለት ነው።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ሲንጀሯ መስኮቱ ሥር ነው፣ ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። ዝም ብዬ ስቆዝም አየችኝና ምን ሆነሽ አለችኝ። የራሴን መናገር አፍሬ የናንሲ ሆፕኪንስን ታሪክ ነገርኳት። አሜሪካ ያለው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ታስተምር የነበረች የባዮሎጂ ሳይንቲስት ናት። ለምርምር ዓሣዎቿ ትንሽ ተጨማሪ ቦታ ብትጠይቅ ተከለከለች፣ ከወንዶቹ ያነሰ ቦታ ነው ያለኝ ስትል የሚያምናት አጣች። ከዚያ ሜትር ይዛ ማታ ማታ ላብራቶሪዎቹን እየዞረች ለካቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 በሳይንስ ፋኩልቲው ቋሚ ሹመት ያላቸው ሴቶች 15 ነበሩ፣ ወንዶቹ ከ190 በላይ። ሴቶቹ ተሰብስበው መረጃ አቀረቡ፣ በ1999 ዩኒቨርሲቲው ራሱ አድልዎ እንደነበር በይፋ አመነ።

እማዬ መርፌዋን ከአፏ አወጣችና ሳቀች። "ቀሚስ ሲጠብ እኮ ሴትዮዋ ወፍራለች ነው የሚባለው። ሰፊዋ በደንብ አልለካችም የሚል የለም። እኔ ራሴ እንዲያ ነው የምላቸው!"

ከዚያ እሷም የራሷን አመጣች። አያቴ ለቅኔ ጎጃም የተሻገሩ ሰው ናቸው፣ ስለ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ሲያወሩ አይጠግቡም ነበር አለችኝ። ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩ ሴት ናቸው፣ ዓይነ ስውር ናቸው፣ ተማሪዎቻቸው ደግሞ ወንዶች። ትምህርቱን ያገኙት ከመምህር አባታቸው ነው። ይሄን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ የእኛ ላብራቶሪ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑና ሊፍት አለመኖሩ ነው። ዓይነ ስውር ወይም በዊልቸር የሚሄድ ሰው አመልክቶ አያውቅም እንላለን። እንዴት አድርጎ ያመልክት?

ወደ ዋናው ነገሬ። በመስከረም ሌላ አንድ ቦታ ይወጣል። ኃላፊያችንን በስልክ ጨቀጨቅኩት። ጥያቄዎቹ ቀድመው ይጻፉ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ ስለ ልጅና ስለ ባል የሚያነሳ ካለ ይቁም፣ ከእኔ ጀምሮ። "ዝግጁነት" የምትለዋ ረድፍ ወይ ምን ማለት እንደሆነች ትብራራ ወይ ትውጣ። እስማማለሁ አለ። ማስታወቂያው ከእኛ የቴሌግራም ግሩፕ ውጭም ይዙር ስለው ግን ዝም አለ፣ ከዚያ "የማናውቀው ሰው ይበዛብናል" አለኝ። እኔም እሱን ነው የምልህ አልኩት። ሌላው ጭንቀቴ ደግሞ እንደገና አንዲት ሴት ብቻ እንዳትቀርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ለመጨረሻ ዙር ከቀረቡት ውስጥ ሴት አንዲት ብቻ ስትሆን የመቀጠር ዕድሏ ከምንም እንደማይቆጠር፣ ሁለት ሲሆኑ ግን ነገሩ በጣም እንደሚለወጥ አሳይቷል። አንዲት ብቻዋን ስትሆን "ሴቷ" ትባላለች፤ ይሄን ከጥናት መስማት አላስፈለገኝም።

አመሻሽ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ለዚያች ልጅ ደወልኩላት። ስሜን ስነግራት ወዲያው አወቀችኝ። ከኋላዋ ልጅ ይጮሃል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያስተማረች ነው። ማስታወቂያው ሊወጣ መሆኑን ነገርኳት፤ ከዚያ ስለ አምናው ጥያቄ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ተንተባተብኩ፣ ሁለቴ ደጋገምኩት መሰለኝ።

ትንሽ ዝም አለች።

"እናቴ ናት የምትይዝልኝ" አለችኝ። "ያኔም ልነግርሽ ነበር፣ ግን እየጻፍሽ ነበር።"