ከቁጥር ውጭ የሆነ እግር

ጫማ ነጋዴን የሚገድለው ቁጥር ነው። ከመርካቶ አንድ ዓይነት ጫማ በጅምላ ስታነሣ ካርቶኑ ቁጥር ተደባልቆበት ይመጣል፤ ከ39 እስከ 43፣ መሐሎቹ ደጋግመው፣ ዳርና ዳሮቹ አንድ አንድ እየሆኑ። መሐሎቹ ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ዳርና ዳሮቹ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጡ ይከርማሉ። የተሸጡት ዋናህን ይመልሱልሃል፤ ትርፍህ ግን የተቀመጠው በቀሩት ውስጥ ነው። ይህን ሒሳብ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው።

አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤቱ ለመሰናዶ አላበቃኝም። ጊዜው በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ጋሼ ጠባብ የጫማ ሱቅ ነበረቻቸው። እናቴ ሄዳ ለመነቻቸውና ተቀጠርሁ። ከተማው ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ። ሱቋ ውስጥ ሦስት ግድግዳ ሙሉ የእንጨት መደርደሪያ፣ ለደንበኛ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ለጋሼ አንድ ዱካ፣ እግር ብቻ የሚያሳይ አጭር መስታወት። ሌላ ዕቃ አልነበረም።

በእኛ ከተማ የቁጥሩ ነገር ተገልብጦ ነበር የሚሠራው። በባዶ እግሩ እርሻ ላይ ያደገ ሰው ጣቶቹ ተበትነው፣ እግሩ ከፊት ሰፍቶ ነው የሚያድገው። ርዝመቱ 41 ይሆንና ስፋቱ አልገባም ይላል። ስለዚህ 43 ገዝቶ ይሄዳል፤ ከኋላ ቢላቀቅም ግድ የለውም። ትልልቁ መጀመሪያ ያልቃል፣ 39ና 40 ይቀራል። ጋሼ መርካቶ በወረዱ ቁጥር ከአከፋፋዮቹ ጋር በዚህ ይጣሉ ነበር። የማያዋጣቸውን ጠባብ ጠባቡን ለቅመው ደብረ ማርቆስ ለአንድ ነጋዴ ይወስዱለታል፤ እሱ ለተማሪና ለቢሮ ሠራተኛ ስለሚሸጥ በተራው ሰፋፊውን ይሰጣቸዋል። ሁለቱ በዚህ ለውጥ ዓመታት ኖረዋል፤ ገንዘብ ሲቆጣጠሩ አይቼ አላውቅም።

የጋሼን ታሪክ የሰማሁት ከእናቴ ነው፤ እሳቸው ስለ ራሳቸው አያወሩም። በልጅነታቸው አዲስ አበባ ሄደው ሊስትሮ ሠርተዋል። ከዚያ መርካቶ ጫማ ሰፊዎች ዘንድ ገብተው ማስቲሽ ከመቀባት ተነሥተው እስከ መስፋት ደረሱ። መንግሥት ሲለወጥ፣ በ1983፣ ያጠራቀሟትን ይዘው ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ ከኋላቸው «ፋቂ» የሚላቸው አልጠፋም። በአገራችን ቆዳ የሚነካ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ ሰው እጁ ያፈራው ይፈለጋል፣ ልጁን ለጋብቻ ግን ማንም አይጠይቅም። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ነውሩ የማን እንደሆነ ያን ጊዜም ግልጽ አልነበረም መሰለኝ።

እኔ ስቀጠር የቻይና ጫማ ገበያውን ካጥለቀለቀው ዓመታት አልፈው ነበር። ርካሽ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ጫፉ ሹል ነው። መርካቶ ውስጥ የሚሰፉት ብዙዎቹ በዚያ ጎርፍ ሥራቸውን ዘግተዋል፤ የተረፉት ያንኑ ሹል ጫማ አስመስለው መስፋት ጀምረዋል። ጋሼ ሁለቱንም ይሸጣሉ፤ ግን ለገዢው ይነግሩታል፦ «ይህ ክረምት አይሻገርም። ማስቲሹ ጭቃ አይችልም።» እኔ በሆዴ እበግናለሁ፤ አሁን ሊከፍል የነበረ ሰው ነዋ! ሰውየው ለሠርግ ነው የምፈልገው ካለ ደግሞ፣ «እንግዲያው ግዛው፣ ሠርግ አንድ ቀን ነው» ብለው ይጠቀልሉለታል።

ደግ ነበሩ ብላችሁ እንዳታልፏቸው። ማሰሪያ እንኳ በነጻ አይሰጡም። አንዲት ሳንቲም ብትጎድል ማታ ሒሳብ ሳይዘጋ ቤቴ አልሄድም። ዱቤ ለገበሬ ይሰጣሉ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ አይሰጡም፤ አንድ መምህር በዚህ ተቀይሞ ሲሟገታቸው፣ «አንተ ትዛወራለህ፤ ገበሬ መሬቱን ተሸክሞ አይዛወርም» አሉት። በስንት ምልጃ ነው ለእሱ ብቻ የጻፉለት።

አሁን ወደ ገጠመኙ ልምጣ።

ጥምቀት ሊገባ ሲል፣ የገበያ ቀን ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል እንጂ በጫማም ያው ነው፤ ሱቋ መቆሚያ የላትም። አንዲት ሴት ዐሥር ዓመት የማይሞላት ልጇን ይዛ መጣች። ከደጁ ላይ ቆመች። ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል። ለልጇ ኮንጎ ጫማ ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት፤ ልጅቷ እዚያው ቆማ አጠለቀችው። ሒሳቡን ስቀበል ጋሼ ከውስጥ ሆነው አዩዋት።

«እርስዎስ?»

«እኔስ ምን ያረግልኛል ጌታዬ፣ ለሷ ይበቃኛል።»

«ይግቡና ይቀመጡ።»

እንቢ አለች። ደግመው ጠሯት። መንገዱን የዘጋው ሰው ዘወር አለላትና ገብታ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ቀሚሷ ከፍ አለ። ጎኗ የነበረው ሰውዬ አንድ እግሩን ጫማ እንዳደረገ፣ ሌላውን ባዶውን እንደያዘ ተነሣ። ሌሎቹም ሸሹ።

ዝሆኔ ነበረባት። ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለቱም እግሯ እስከ ጉልበቷ ድረስ አብጦ፣ ቆዳው ጠጥሮ፣ ጣቶቿ በእብጠቱ ውስጥ ጠፍተው ነበር። ሽታም ነበረው።

ጋሼ ዱካቸውን ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡና እግሯን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። የባዶ ካርቶን ክዳን አምጣ አሉኝ። እግሯን ካርቶኑ ላይ አሳርፈው በእርሳስ ዙሪያውን አሠመሩት። ክር አምጥተው የእግሯን ጀርባ ጠመጠሙበትና የደረሰበት ላይ ቋጠሩ፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይም እንዲሁ። በመካከሉ የሚጠይቋት ስለ ሥራ ብቻ ነው። ውኃ ከሩቅ ነው የምትቀጂው? መንገዱ ድንጋይ ነው ወይስ ጭቃ? የቱ እግር ይብሳል? ሲጨርሱ ቀና ብለው «ሰማንያ ብር» አሉ።

ሱቁ ውስጥ የቀረው ሰው ጸጥ አለ። እኔም ደነገጥሁ። በነጻ ይሰጧታል ብዬ ነበር፤ ሌላው ሰውም እንዲያ የጠበቀ ይመስለኛል።

ሴትዮዋ ግን እስካሁን አንገቷን ደፍታ የነበረችው ቀና አለች። «አርባ» አለች።

«አርባ? ሶሉ የመኪና ጎማ ነው እኮ! የጎማው ብቻ አርባ ነው።»

«ጎማውማ ካረጀ መኪና የወለቀ አይደል? ባለመኪናው የከፈለበትን እኔ ዳግመኛ ምን በወጣኝ!»

መጀመሪያ የሣቀው ያ አንድ እግሩን ተጫምቶ የቆመው ሰውዬ ነው። ከዚያ ሁሉም ሣቀ። ጋሼ አልሣቁም፤ ለቆዳው፣ ለክሩ፣ ለእጃቸው እየቆጠሩ ተከራከሩ። እሷም አልለቀቀችም። በሃምሳ አምስት ተስማሙ፤ ሃያውን ከመቀነቷ ፈትታ ከፈለች፣ ቀሪው ጫማው ሲደርስ።

ማታ ሒሳብ ስንዘጋ «ምነው በነጻ አልሰጧት?» አልኋቸው።

«በነጻ ብሰጣት ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ታወጣዋለች። የከፈለችበትን ትረግጠዋለች» አሉ።

ይህ ነገራቸው ሁልጊዜ እንደማይሠራ በኋላ አይቻለሁ። በገንዘባቸው የገዙትን ጫማ በዱላ ጫፍ አንጠልጥለው በባዶ እግራቸው መጥተው፣ ከተማው ጫፍ ላይ ሲደርሱ የሚጫሙ ብዙ ነበሩ። ደግሞም እውነተኛው ምክንያታቸው ያ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም። ክርክሩ ሲጀመር የሴትዮዋን ፊት ያየ ሰው ግን ሌላ ምክንያት አይፈልግም።

ጫማውን በማታ በማታ ሰፉት። ፎርማ የሚባለው የእንጨት እግር ለእንዲህ ያለ እግር አይገኝም፤ ስለዚህ ትልቁን ፎርማ ወስደው በቁርጥራጭ ቆዳ እየደረቡ፣ በክሩ ቋጠሮ እየለኩ አወፈሩት። ላዩ ለስላሳ የበግ ቆዳ፣ ከጣት እስከ ቁርጭምጭሚት በማሰሪያ የሚከፈት፤ እብጠቱ ጠዋትና ማታ ስለማይተካከል ማላላት እንዲቻል። እኔ ፋኖስ እይዝላቸዋለሁ፤ መብራት ብዙ ጊዜ አይኖርም። በመርፌና በወስፌ ሲሠሩ ሱቁ ውስጥ ከማውቃቸው ነጭናጫ ሰውዬ ጋር አይመሳሰሉም ነበር።

ሴትዮዋ ልትወስድ ስትመጣ ሳሙና አስጨመሩላት። ይህኛው በነጻ ነበር። በየቀኑ ታጥበሽ፣ በጣቶችሽ መሐል አድርቀሽ፣ ቅባት ተቀብተሽ ነው የምታደርጊው አሏት። ይህን የነገራቸው የጤና ጣቢያው ነርስ ነው። በሽታው ተላላፊ አይደለም፣ ጀርምም የለበትም። ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ከጥንት እሳተ ገሞራ የተገኘው የደጋው ቀይ አፈር ውስጥ ያለ ደቃቅ ማዕድን በባዶ እግር ቆዳ ይገባና የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቧንቧዎች ያበላሻል። አፈሩን የረገጠ ሁሉ አይያዝም፤ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ፤ ሕዝቡ «የዘር በሽታ» እያለ ከእነዚህ ቤቶች ጋብቻ የሚሸሸው በዚሁ ነው። ጫማ ካለ ግን ዘሩም ምንም አያመጣም። ኤርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ይህን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲያጠና ኖሯል። በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳለበት ይገመታል፤ ወላይታና ጎጃም ከሚጠቀሱት ቀዳሚዎቹ ናቸው። ያቺ ሴት ይህን ሁሉ ሳትሰማ ነው ልጇን ጫማ ልታስገዛ የመጣችው።

የሚቀጥለው ገበያ ቀዘቀዘ። «ጋሼ ሱቅ ወንበሩ ላይ ዝሆኔ ተቀምጦበታል» የሚል ወሬ ወጥቷል። ከማዶ ያለው ነጋዴ አባብሶታል ይባላል፤ በዓይኔ አላየሁም። ሰው ይመጣል፣ ጫማ ይመርጣል፣ ቆሞ ይለካል፣ አግዳሚው ባዶውን ይውላል። በዚያው ሰሞን ደግሞ በሌላ በኩል የተሰማው ወሬ ሌሎቹን ያመጣ ጀመር። እግራቸው የታመመ ሰዎች ከሩቅ ቀበሌ፣ ሰው ሳይበዛ ብለው ገና ጎሕ ሲቀድ ደጃችን ይቆማሉ።

እኔ ለእነሱ ጓሮ በኩል መቀመጫ እናዘጋጅ አልሁ። ምክንያቴ ንግድ ነበር። ጋሼ ሰምተው አግዳሚውን ወደ ደጅ፣ ሰው ሁሉ ወደሚያየው በረንዳ አወጡት። ልክ የሚወስዱትም በገበያ ሰዓት ሆነ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «እኔን በጨለማ ለካኝ፣ አማች አለኝ» አላቸው፤ ለእሱ በጨለማ ለኩለት። ነርሱም በገበያ ቀን በረንዳው ላይ እየመጣ ስለ አፈሩና ስለ መታጠብ ያስረዳ ነበር፤ አንዳንዱ ይሰማዋል፣ አንዳንዱ «እርግማን ነው» ብሎ ያልፈዋል።

እስከ ፋሲካ ገበያው ተመለሰ፣ አልፎም ጨመረ። ይህ እንዴት ሆነ ብዬ ስጠይቃቸው፣ «አንድ ዝሆኔ ያለበት ቤት ውስጥ ስንት ጤነኛ እግር አለ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እናቱን ያየ ልጅ ለልጆቹ ጫማ ሳይገዛ አይውልም። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የማየው አንድ የታመመ እግር፣ እሳቸው የሚቆጥሩት ሙሉ ቤተሰብ ነበር። ጽድቅ ነው ስል ንግድ፣ ንግድ ነው ስል ሌላ ነገር ይሆንብኛል።

ጋሼ በ2000ዎቹ አጋማሽ ዐረፉ። በቀብራቸው ዕለት ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ነበር፤ ቃሬዛቸውን ካነሡት መካከል አባቶቻቸው ከእሳቸው ቤት እህል የማይቀምሱ የነበሩ ሰዎች አሉበት። ዕድሩ ድንኳኑን ሳያነሣ ባለቤታቸው የዱቤውን ደብተር አወጡ። ምሬያለሁ የሚል ቃል አልነበረም፤ ጋሼ አንድ በአንድ ተቀበይ ብለዋቸው ነበርና አንድ በአንድ ተቀበሉ። ገበሬዎቹ ከፈሉ፣ ጥቂቶቹ ከመኸር በኋላ። መምህሩ ተዛውሮ ነበር።

እግር የተሠመረባቸው ካርቶኖች ከመደርደሪያው አናት ላይ ተከምረው ተገኙ፤ የእያንዳንዱ ስምና ቀበሌ ተጽፎባቸዋል። የሚሰፋ ግን የለም። እኔ መሸጥ እንጂ መስፋት አልተማርሁም፤ ሊያስተምሩኝ ጀምረው እጅህ አይታገሥም ብለው ተዉኝ። ዛሬ ባሕር ዳር የራሴ ሱቅ አለኝ። እንዲህ ያለ እግር ይዞ የሚመጣ ሲያጋጥመኝ በካርቶን ላይ አሥምሬ፣ በክር ለክቼ መርካቶ ለማውቀው ሰፊ በአውቶቡስ እልካለሁ። እሱ ያስከፍለኛል፣ ጭነቱም ያስከፍለኛል፣ ከዚያ ዋጋውን ለባለ እግሩ ተናግሬ መከራከር እንጀምራለን። ባለፈው ከአዴት የመጡ አንዲት እናት እንዲህ አድርገው ረቱኝና ያተረፍሁት የላዳ አይሞላም። ሁለተኛውን ጥንድ ደግሞ ለክረምት አዘዋል።