የእድር ድንኳን ይዞ ዝቋላ

ድንኳን የመፈለጉ ሥራ ለእኔ የደረሰኝ ስብሰባው ላይ አርፍጄ ስለገባሁ ነው። በእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ያረፈደ ሰው በሌለበት ይመረጣል። ለጥቅምት 5 የአቡዬ ንግሥ 46 ወጣቶች ይዘን ዝቋላ ልንወጣ፣ ዋዜማውንም ተራራው ላይ ልናድር ነው። የድንኳን ኪራይ ጠየቅሁ፣ የጉዞውን ካዝና አየሁ፣ ከዚያ ቀጥ ብዬ ወደ ሠፈራችን እድር ዳኛ ቤት ሄድኩ።

ዳኛው ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሹም ናቸው። ብረት 14፣ ካስማ 22፣ ገመድ 16 ብለው አንድ በአንድ ቆጥረው፣ በስሜ አስፈርመው አስረከቡኝ። ስወጣ ከኋላዬ ተጣሩና «እስከ እሁድ ሠፈሩ ውስጥ ሰው እንዳይሞት፣ አደራ!» አሉኝ፤ እኔ የምቆጣጠረው ይመስል።

ስለ አቀበቱ ብዙ አላወራም። ከቢሾፍቱ እስከ ወምበር ማርያም በቅጥቅጥ፣ ከዚያ በእግር። ሸራውን አህያ ተሸከመች፣ ብረቱን ጎረምሶቹ። ዝቋላ 2,989 ሜትር ነው ሲባል መጽሐፍ ላይ ቀላል ነው፤ በትከሻህ የእድር ብረት ይዘህ ስትወጣው ግን እያንዳንዱ ሜትር ራሱን ያስተዋውቅሃል። አናቱ ላይ ስትደርስ የጽድ ዛፉ፣ ከታች ደግሞ በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ የተኛው ሐይቅ፣ ድካሙን ያስረሳል። ብርዱን ግን አያስረሳም።

ድንኳናችን ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀይ ቀለም የሠፈራችን ስምና «የነዋሪዎች መረዳጃ እድር» የሚል ተጽፎበታል። ስድስት ልጆች ጉሬዛ ፎቶ እናነሳለን ብለው ወደ ኋላ ቀርተው ስለነበር፣ ሲመጡ በቀላሉ እንዲያገኙን ጽሑፉን ወደ መንገዱ አዙሬ አስተከልኩት። ይህችን ብልሃት ያመጣኋት እኔው ራሴ ነኝ፤ ማንንም አላማሁም።

ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ እራታችን ጾም ነው፤ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ጭሱ በሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሴቶቹ ልጆች ከብርዱ የተነሣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው በረድፍ ተቀምጠዋል። የሁሉም ዓይን ደም መስሏል፣ ሁሉም አፍንጫውን ይስባል፣ አንድ ሰፌድ ንፍሮ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አሁን ሳስበው የጎደለን አስከሬን ብቻ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ።

በሃይማኖት ያጽናችሁ ማለታቸው መሰለኝ፤ ደስ አለኝ። «አሜን አባቴ፣ ለእርስዎም!» አልኩና ቦታ ለቀቅኩላቸው። ንፍሮ ዘገኑ። ትንሽ ዝም ብለው ሲያኝኩ ቆዩና፦

«ልጅ ነው?»

«ልጆች ናቸው አባቴ። ከ15 እስከ 20 ቢሆናቸው ነው።»

ንፍሮውን መልሰው ሰፌዱ ላይ አፈሰሱት። «ስንት ናቸው?»

«46።»

«በመኪና?»

«አዎ፣ በቅጥቅጥ።»

ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑና ሳይሰናበቱኝ ወጡ። ደክሟቸው ይሆናል አልኩ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ድንኳኑ በር ላይ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ለንግሡ የመጣ ነው እንጂ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ብዬ አሰብኩ። አንዲት እናት ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ሌላዋ «ምነው አቡዬ! 60 አንበሳና 60 ነብር ያስገበርክ አባት አንድ ሾፌር ያቅትህ?» እያሉ ጻድቁን ይወቅሳሉ። ከኋላ ደግሞ «በደጁ ማረፍም መታደል ነው» የሚል አጽናኝ ተሰማ። አንድ ሰውዬ 200 ብር እጄ ውስጥ ጨመቁልኝ። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልቤ ወደ እግሬ ወረደ።

ዘልዬ ተነሣሁ። «ወገኖቼ! ማንም አልሞተም! ልጆቹ እነዚህ ናቸው!»

«ወይኔ፣ ገና አላመነም!» አሉ አንዷ። «ያዙት፣ ያዙት፣ ራሱን እንዳይጎዳ!» ሁለት ጠብደል ወንዶች በግራና በቀኝ ብብቴ ገብተው መሬት ላይ አስቀመጡኝ። አንዱ ውኃ ረጨኝ፤ በዚያ ብርድ!

ወደ ልጆቼ ዞርኩ፤ እንዲመሰክሩልኝ። ጉዶቹ በሳቅ ሊፈርሱ ደርሰዋል። ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ትከሻቸው እየተርገፈገፈ፣ አንዳንዷ ሲቃ እየያዛት። ያየ ሁሉ ይበልጥ አለቀሰ።

ያዳኑኝ እነዚያ ስድስቱ የጉሬዛ ፎቶ አንሺዎች ናቸው። ሕዝቡን እየገፉ ገቡና፣ የመጀመሪያው «እራት አለቀ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት አሮጊት መሳቅ ጀመሩ፤ ሌላው ተከተለ። ንፍሮው ግን በእውነት አልቆ ነበር፤ ለቀስተኛው ጨርሶታል። 200 ብሩን ሰውዬው አልቀበልም ስላሉ ለገዳሙ ሰጠሁት።

ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ዳኛው ናቸው። አፌን እስክከፍት እንኳ አልጠበቁም።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማታ የሠፈራችን ሰው እዚያ ድንኳኑን አይቶ ደውሎ ነግሮናል። እንግዲህ የሞተው ድንኳኑን የፈረመው ልጅ ነው ብለን፣ ስሙን መዝገብ ላይ አግኝተን ጥሩምባ አስነፍተናል። ሰዉ በእናቱ በራፍ ሜዳ ላይ ተቀምጧል፣ ድንኳን የለም። አስከሬኑን ስታመጡ ድንኳኑንም አብራችሁ አምጡ። ካስማው 22 ነው።»

«ዳኛ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

ረጅም ዝምታ። «አንተ ማን?»

«የፈረምኩት።»

ከኋላቸው የእናቴ ድምፅ ተሰማኝ። ስልኩን ነጠቀቻቸው። መጀመሪያ እልል አለች፤ ከዚያ ስትረግመኝ ሒሳቤ እስኪያልቅ ጠብቄአት አላበቃችም፤ ለካ የደወሉት እነሱ ናቸው።

እሁድ ድንኳኑን ስመልስ ዳኛው ምንም አላሉም። መነጽራቸውን አድርገው ቆጠሩ፤ ብረት 14፣ ገመድ 16፣ ካስማ 21። መዝገቡ ላይ «ጎደሎ፣ ካስማ 1» ብለው ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ በዚያው ቆንጆ የእጅ ጽሑፋቸው «የጥሩምባ ነፊ አበል፣ በሟች የሚከፈል» ብለው ጨመሩና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፉት።