ትሉን እንጂ ነጯን አትንኩ

የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ፤ ጎንደር ዙሪያ፣ ከማክሰኝት ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ። በቆሎ የሚበላው ትል፣ መጤው ተምች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችን ከገባ ወዲህ በቆሎ ያለ እሱ አይታሰብም። ቀን ቀን የበቆሎው መሃል ገብቶ ስለሚደበቅ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም።

አንድ ክረምት አንድ አዛውንት ገበሬ ከልጆቻቸው ጋር ትል ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ልጆቹ ቅጠሉ ላይ የተጣበቀች ነጭ ነገርም በጥፍራቸው ይጨፈልቃሉ።

«እንቁላሉ ነው ልጄ፤ ካልጠፋ ነገ ይፈለፈላል» አሉኝ። መርጫውም ማሳው ዳር ተዘጋጅቷል። መድኃኒቱን የገዙት በግ ሸጠው ነው።

«አባቴ፣ እስኪ ይቺን ይተዉልኝ» ብዬ ቅጠሉን ቆረጥኩ። የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ አፉን በስስ ጨርቅ አሰርኩና እሳቸው ጋ ተውኩት። የተምች እንቁላል ተደራርቦ ነው የሚጣለው፤ ላዩም ፀጉር መሳይ ነገር ይለብሳል። ይቺ ግን ከሩዝ ፍሬ የምታንስ፣ ለብቻዋ የተቀመጠች ናት። አጠገቧም የጠወለገ ትል ነበር።

በሳምንቱ ስመለስ ፕላስቲኩን ይዘው ወጡ። ውስጡ ደቃቃ ጥቁር ተርብ ትበራለች።

«ይቺ ናት ያንን ትል የምትገድለው?»

እሷው ናት። እንቁላሏን ጨቅላው ትል ውስጥ ትጥላለች። ልጇ ከውስጥ እየበላች ታድግና ወጥታ ያቺን ነጭ ልባስ ትሠራለች፤ ትሉ ይሞታል። ተምቹ በገባበት ዓመት ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ባዩአቸው ቦታዎች ከትሉ ሲሶውና ከዚያም በላይ በዚህች ተርብ ተይዞ አግኝተዋል። ማንም ገዝቶ አላመጣትም። ያገኘውን ሁሉ የሚገድል መድኃኒት ሲረጭ ግን እሷም፣ የጓሮው ንብም አብረው ያልቃሉ።

ተርቧ ብቻዋን ትበቃለች አላልኳቸውም፤ ወረራው ሲከፋ አትችለውም። ለቀማውን ቀጠሉ፤ የረጩት ትሉ የበዛበትን አንዱን ጥግ ብቻ ነው። ሁለተኛ በግ አልተሸጠም። ለአንድ ገበሬ ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚያንገበግበኝ የሪፖርት ቅጻችን ነው። ስንት ሊትር ተረጨ፣ ስንት ሄክታር ተሸፈነ ይላል። ሳይረጭ የዳነ ማሳ ቦታ የለውም፤ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። «ከመረጨቱ በፊት ነጭ ልባስ ታይቷል ወይ?» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር ብዬ ጠይቄያለሁ። እስኪጨመር ድረስ በእስክሪብቶ እያሰመርኩ እሞላዋለሁ።