ገድዬው የተመለሰው ፕሮሰስ

ሰርቨር ማስተዳደር ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆኖኝ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት የሙከራ ሰርቨራችን ተንቀራፎ አገኘሁት። ገብቼ ሳይ፣ ስሙን የማላውቀው ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ሲፒዩውን፣ ማለትም የማሽኑን አንጎል፣ 100 በመቶ ይዞታል። የሚሠራው «ቴስት» በሚባል ዩዘር (የመግቢያ አካውንት) ነው። ይህን ዩዘር የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ፓስዎርዱም ያው «ቴስት» ነበር። ለአንድ ቀን ሥራ ብዬ ከፈትኩት፤ በዚያው ረሳሁት።

ፕሮሰሱን ገደልኩት፣ ማለትም በግድ አስቆምኩት። ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰ። ፋይሉን አጠፋሁት። አሁንም ተመለሰ። ያኔ አላበኝ። ክሮን ውስጥ (ትእዛዞችን በተወሰነ ሰዓት በራሱ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ስገባ በየደቂቃው ፋይሉን ከኢንተርኔት እያወረደ የሚያስነሳ አንድ መስመር አገኘሁ፤ ሰረዝኩት። ሲፒዩው ረጋ። እፎይ ብዬ ለአለቃዬ «ተስተካክሏል» ልለው ሄድኩ።

«ንጹሕ መሆኑን በምን አወቅህ?» አለኝ።

«ፕሮሰሶቹን አየሁ። ምንም የለም።»

«ማን አሳየህ? ራሱ ሰርቨሩ አይደል?»

መልስ አልነበረኝም። በቴስት ዩዘር የገባው ሰርጎ ገብ ሩት ድረስ፣ ማለትም ሁሉን ማድረግ እስከሚችለው አካውንት፣ ከደረሰ፣ ፕሮሰስና ፋይል የሚዘረዝሩትን ፕሮግራሞች በራሱ ሊተካቸው ይችላል። ሎጉንም፣ ማለትም ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ሊያጠፋ ይችላል። እኔ ደግሞ የተጠቃውን ማሽን ስለ ራሱ ጤንነት ጠይቄ የሰጠኝን መልስ አምኜ ነበር።

አብረን ገብተን አየን። የዩዘሩ ፎልደር ውስጥ የማናውቀው የኤስኤስኤች ቁልፍ ተቀምጧል፤ ኤስኤስኤች ከሩቅ ሆኖ ሰርቨር ውስጥ የሚገባበት መንገድ ነው፣ ቁልፉ ደግሞ በፓስዎርድ ፈንታ የሚያስገባ ፋይል ነው። እኔ ፓስዎርዱን ብቻ ቀይሬ ብተወው ኖሮ ሰውዬው በቁልፉ ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። ሎጉ ውስጥ ፖርት 22 ላይ (የኤስኤስኤች የተለመደው በር) በተለመዱ ስሞች በሺዎች የሚቆጠሩ የመግባት ሙከራዎች ነበሩ፦ ሩት፣ አድሚን፣ ቴስት፣ ጌስት። እኛን ብሎ የመጣ የለም። በጥሩ መስመር የተገናኘ አንድ ኮምፒውተር የአይፒ ቨርዥን 4ን የኢንተርኔት አድራሻዎች በሙሉ፣ ወደ 4.3 ቢሊዮን የሚሆኑትን፣ በአንድ ፖርት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ማንኳኳት ይችላል። «ትንሽ ነን፣ ማን ያየናል» የሚለው ሐሳብ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሰርቨሩን አጥፍተን ከዜሮ ጫንነው። አፕዴቱ ቀደመ። የማንፈልጋቸውን ሰርቪሶች አቆምን፤ ፋየርዎሉ (የኔትወርክ ግንኙነትን የሚያጣራው ጥበቃ) ላይ የምንጠቀምባቸውን ፖርቶች ብቻ ተውን። ሎጉ ወዲያው ወደ ሌላ ማሽን እንዲገለበጥ አደረግን፤ ወራሪው እዚህ ቢሰርዘው እዚያ ይቀራል። ኤስኤስኤች በቁልፍ ብቻ ሆነ፣ ሩት በቀጥታ እንዳይገባ ተከለከለ። ይህን ስትቀይሩ ግን የተከፈተውን ሴሽን (አሁን ያላችሁበትን ግንኙነት) አትዝጉ። በሌላ መስኮት ገብታችሁ መሥራቱን እዩ፤ ካልሆነ ደጅ መቅረት አለ። ፖርት 22ን ወደ ሌላ ቁጥር መቀየርን እንደ ጥበቃ የሚቆጥሩ አሉ። የሎጉን ጫጫታ ይቀንሳል እንጂ በሩን አይዘጋም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ባልደረባዬ «ለአንድ ቀን ብቻ» ዩዘር ጠየቀኝ። በቁልፍ ከፈትኩለትና አካውንቱ የሚያበቃበትን ቀን አብሬ አስገባሁ። ሊኑክስ ላይ ፓስዎርድን መቆለፍ ብቻውን በቁልፍ የሚገባን ሰው አያቆመውም፤ አካውንቱ ጊዜው ሲያልፍ ግን ሁለቱም ይዘጋሉ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ሞከርኩት። አላስገባኝም።