ቡናው እስኪፈላ

በሕፃናት ነርሲንግ ማስተርሴን ስጨርስ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ደሞዝ ተጨመረልሽ?» እሱን ተዉት። እኔ ማውራት የፈለግኩት ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃን ማየት እንዴት እንደሚለመድ ነው።

ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ነው። እናት ትገባለች፣ ትናገራለች፣ እጽፋለሁ፣ መድኃኒቷን ይዛ ትሄዳለች። ቤቷ ገብታ ምን እንደምታደርግ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር አስጨንቆኝም አያውቅ።

ትምህርቱ 2 ዓመት ነው፤ አብዛኛው ዋርድ ውስጥ አለቀ። የማኅበረሰብ ልምምዱ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር፣ እሱም ግማሹ ፊርማ ስናሳድድ ሄደ። ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ ልሰበስብ ደሴ ስመጣ፣ አንዲት ጤና ኤክስቴንሽን «ቅዳሜ ቅዳሜ ልከተልሽ?» ብዬ ለመንኳት። ሳቀች። «ማስተርስ እየተማርሽ እኔን?»

የመጀመሪያው ቤት ወደ ጦሳ ተራራ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። የ14 ወር ልጅ፣ ሳል አለው። እንደገባሁ ስልኬን አወጣሁ፣ ልብሱን ገለጥኩ። ልጁ ሲያየኝ ቤቱን በለቅሶ አናጋው። ትንፋሹን ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 58። «የሳንባ ምች ነው» አልኩ። ኤክስቴንሽኗ ክንዴን ጎተት አድርጋ አስቀመጠችኝ። ቡና እየተቆላ ነበር። ልጁ ጡቱን ጠብቶ እናቱ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ያኔ እሷ ሸሚዙን በቀስታ ከፍ አድርጋ ሰዓቷን እያየች ሙሉ 1 ደቂቃ ቆጠረች። 34። ደረቱም ወደ ውስጥ አይሰረጉድም። ጉንፋን ነው።

ደንቡን እኮ አውቀዋለሁ። ከ2 ወር በታች 60፣ እስከ 12 ወር 50፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40 ወይም የበለጠ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው። ልጁ ሳይረጋጋ እንደማይቆጠርም ለፈተና ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ዋርድ ውስጥ ግን ቡና እስኪፈላ የሚጠብቅ የለም።

በነገራችን ላይ የኦክስጅን መለኪያ ይዛችሁ የምትዞሩ ከሆነ፣ ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ጤነኛ ልጅም በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ሲለካ ቁጥሩ ትንሽ ሊወርድ ይችላል። አትደንግጡ፤ ልጁን እዩት።

ሁለተኛው ነገር ኦአርኤስ ነው፤ ለተቅማጥ የሚበጠበጠው ዱቄት። ስንት ዓመት «አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጪ፣ ገባሽ?» እያልኩ ኖሬያለሁ። ገባሽ ሲባል «አልገባኝም» የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አንድ ቀን ኤክስቴንሽኗን አይቼ አንዷን እናት «እስቲ እየሠራሽ አሳዪኝ» አልኳት። ከረጢቱን ቀድዳ ሙሉውን አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ገለበጠችው! ቤቱ ውስጥ ሊትር የሚባል ዕቃ የለም። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ግን በሽ ነው። «ሁለት ሃይላንድ ሙሉ» ስንላት አለቀ። ዚንኩንም እንደዚያው፤ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም እሷም ልታቆም ነበር። 10 ፍሬውን በ10 ቀን እንድትጨርስ ግድግዳው ላይ በከሰል 10 መስመር አሰመርናት።

ያበላሸሁትም አለ። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸው ሳል አልለቀው ሲል እንጥሉን ሊያስቆርጡ ማሰባቸውን ነገሩን። እኔ ቱግ አልኩ። ደም መፍሰሱን፣ ቁስሉ መመርቀዙን ዘረዘርኩ። ያወራሁት ደግሞ ከእናትየው ጋር ነው፤ ቤቱን የሚያዙት እሳቸው ሆነው ሳለ። እማማ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ያን ቀን ኤክስቴንሽኗ እስከ ታክሲው ድረስ አላናገረችኝም።

በሳምንቱ ተመለስን። አፌን ዘግቼ ቡና ጠጣሁ። ሦስተኛው ላይ እማማ ራሳቸው «ሲስተር፣ እንጥሉ ወርዶ እኮ ነው የሚያስለው» አሉ። «እስቲ አብረን እንየው» ብዬ የስልኬን መብራት አበራሁ። መጀመሪያ የእኔን ጉሮሮ አሳየኋቸው፣ ቀጥሎ የታላቅየውን፣ መጨረሻ ላይ የሕፃኑን። ተራ በተራ አጎንብሰው አዩ። ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረው «የሁሉም ወርዷል» አሉና ልጁን ተቀበሏት።